የላክቴት ቁጥር በቆቦ ሙቀት

የወባ ምርመራ፣ የታይፎይድ ምርመራ፣ የስኳር ምርመራ ሲባል ቆቦ ገበያ ላይ የማያውቅ የለም። ላክቴት ሲባል ግን ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ የላካት እናት እንኳ «ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?» ትለኛለች። ከጎብዬ፣ ከሮቢት፣ ከዞብል ተራራ ግርጌ ከሚመጡ ልጆች ደም ስቀዳ የኖርኩ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ጥያቄው ሲመጣ ከኋላዋ ሰልፍ አለ፣ ልጁ ያለቅሳል፣ መልሴም በሁለት ቃል ያልቃል። እዚህ ቦታ ስላገኘሁ እንደሚገባው ልመልሰው።

የምንበላው እንጀራ ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ስኳር ከሆነ በኋላ ደም ተሸክሞ ወደ ሕዋሳት ያደርሰዋል። ስኳሩን ወደ ኃይል የሚቀይሩት በሕዋሱ ውስጥ ያሉ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን አካላት ናቸው። አንድ የግሉኮስ ሞለኪውል በሚቶኮንድሪያ በኩል ሲያልፍ ኤቲፒ የሚባለውን የኃይል ሞለኪውል 30 ያህል ያስገኛል። ሚቶኮንድሪያው ካልሠራ የሚገኘው 2 ብቻ ነው። ወፍጮ ቤት ማሽላ ይዞ የሄደ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ወፍጮው ሲበላሽ እህሉ መምጣቱን አያቆምም፣ በር ላይ ይከመራል። ላክቴት ያ በር ላይ የተከመረው ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ መቃጠል የነበረበት ፓይሩቬት የሚባል ንጥረ ነገር መግቢያ ሲያጣ ወደ ላክቴት ይለወጥና በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ጤነኛ ልጅ አርፎ ሳለ ሲለካ ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ2 ሚሊሞል ገደማ አይበልጥም።

ሚቶኮንድሪያቸው ከውልደት ጀምሮ እክል ያለባቸው ልጆች አሉ። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 5,000 ሕፃናት በአንዱ ገደማ ይታያል ተብሎ ይገመታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዴኒስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1951 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን የሕፃናት የአንጎል በሽታ ገለጸ፤ ስዊድናዊው ሮልፍ ሉፍት ደግሞ በ1962 ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የአንዲት ሴት ሕመም ምንጩ ሚቶኮንድሪያ መሆኑን አሳየ። ብዙ ኃይል የሚበሉት አንጎል፣ ጡንቻ፣ ልብ፣ ጉበት፣ ዓይንና ጆሮ ስለሆኑ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው አንድ ልጅ የሚጥል በሽታ፣ የሰውነት መላላትና የመስማት ችግር አንድ ላይ ይዞት ሲመጣ፣ ወይም በሽታው አንዱን አካል ለቆ ሌላውን ሲይዝ፣ ሐኪሞች ሚቶኮንድሪያን የሚጠረጥሩት።

በእኛ አካባቢ ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይነገራል፦ ልጁ በጊዜው አንገቱን ቀና አድርጓል፣ ተቀምጧል፣ ድኋል፣ ግድግዳ ይዞ ቆሟል። ከዚያ ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ በሁለት በሦስት ቀን ለቀቀው፤ ልጁ ግን ወደ ነበረበት አልተመለሰም። መቆም ተወ፣ ከዚያ መቀመጥ፣ ዓይኑ ሽቅብ መቅረት ጀመረ። ምች መታው የሚል አለ፣ ዓይን በላው የሚል አለ፤ ጠበል ይወሰዳል፣ ወደ ሼህ ይወሰዳል፣ በመጨረሻ ወደ ሐኪም ይመጣል። እኔ በዚህ ወላጅን ወቅሼ አላውቅም። ትኩሳት የለቀቀው ልጅ ወደ ኋላ ሲመለስ ማየት የትኛውንም እናት የሚያስጨንቅ ነገር ነው፤ በሩን ሁሉ ማንኳኳቷ ፍቅሯ ነው።

አንድ ቀን እንዲህ ያለ ልጅ ታቅፈው የመጡ አያት መርፌውን ሲያዩ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ልጅ ደም አለቀበት እኮ። ስንቴ ነው የምትቀጂው?»

«እማማ፣ ዛሬ የምወስደው አንድ ማንኪያ አይሞላም። ግን መጀመሪያ ያቅፉት፣ ያባብሉት። ሲረጋጋ ነው የምቀዳው።»

«ሌሎቹ ሲያለቅስ ነበር የሚቀዱት።»

ልክ ናቸው፣ ሌላው ምርመራ ሲያለቅስም ይቀዳል። ላክቴት ግን አይሆንም፤ ነገሩ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። የሚታገልና የሚጮህ ልጅ ጡንቻዎች ራሳቸው ላክቴት ያመርታሉ። ክንዱ ላይ የታሰረው ጎማ ከቆየም የታገደው ደም ውስጥ ቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ ጥሩው መንገድ ቀጭን ካኑላ አስገብቶ፣ ልጁን እናቱ ጭን ላይ ትቶ፣ እንባው እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ ከዚያም ያለ ጎማ መቅዳት ነው። ልጁ ተኝቶ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ደሙ ከወጣ በኋላም ሥራው አላለቀም። ቀይ የደም ሕዋስ ከአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ሚቶኮንድሪያ የለውም። የሚኖረው ስኳሩን ወደ ላክቴት እየቀየረ ነው፤ ይህንንም ቲዩብ ውስጥ ገብቶም አያቆምም። ሙቀት ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል። ቆቦ ከባሕር ወለል ወደ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የላብራቶሪው ጠረጴዛ ራሱ ለእጅ ይሞቃል። በዚያ ሙቀት በተራ ቲዩብ ተቀድቶ መስኮት አጠገብ የተቀመጠ ደም ከሰዓት በኋላ ቢለካ ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ያደርገዋል። ለዚህ ግራጫ ክዳን ያለው፣ ፍሎራይድ የተጨመረበት ቲዩብ አለ፤ ፍሎራይዱ ሕዋሱን ከዚህ ሥራ ያግደዋል። ቲዩቡ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ የምጠቀመው ክትባት የሚያዝበትን ቀዝቃዛ ሳጥንና አይስ ፓክ ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥም በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክሮ ፕላዝማው ከሕዋሱ መለየት አለበት። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ይህን ናሙና አለመቅዳት ይሻላል።

የላክቴት ማሽን በየጤና ጣቢያው የለም። ትንሽ የእጅ መለኪያ ያለበት ቦታ አለ፣ የደም ጋዝ ማሽን ያለበት ትልቅ ሆስፒታል አለ፣ ሁለቱም የሌሉበት ይበዛል። እኔ ግን ከማሽኑ በላይ የምሟገተው ስለ አቀዳዱ ነው። በደንብ ያልተቀዳ ደም በዓለም ምርጥ ማሽን ቢለካም የሚወጣው የተሳሳተ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ አንድን ቤተሰብ ከቆቦ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ በብድር ገንዘብ ያንከራትታል።

ደሙ በትክክል ተቀድቶ፣ በትክክል ተለክቶ፣ ቁጥሩም እውነት ከፍ ብሎ ቢገኝ አሁንም ሚቶኮንድሪያ ነው ማለት አይደለም። በእኛ በራያ ቆላ ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ወባ ይበረታል። የወባ ተህዋስ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተቀምጦ ግሉኮስ እየበላ ላክቴት ይለቃል፤ የተጠቁት ሕዋሳት ቀጫጭን የደም ሥሮችን ሲዘጉ ደግሞ የሰውነቱ ክፍል ኦክስጅን አጥቶ የራሱን ይጨምርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ላክቴት 5 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ መሆኑን ከብርቱ ወባ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። የሚጥል በሽታ የጣለው ልጅም፣ ተቅማጥ ያደረቀውም፣ ደሙ የተመረዘውም፣ ልቡ የደከመውም ላክቴቱ ይወጣል። እንግዲህ ደንቡ፦ መጀመሪያ የወባውን ስላይድ እይ፣ ያለውን ሕመም አክም፣ ልጁ ሲሻለው ድገም። በሽታው ካለፈ ከሳምንታት በኋላም ከፍ እንዳለ የቀረ ላክቴት ነው የሚያሳስበው። በተቃራኒው ደግሞ ሚቶኮንድሪያቸው በእርግጥ የታመመ ሆኖ ላክቴታቸው ደህና የሆነ ብዙ ልጆች አሉ፤ ስለዚህ ጤነኛ ቁጥር ጥርጣሬን አይዘጋም። በሽታው አንጎል ላይ ከሆነ ከጀርባ በሚቀዳ ውሃ ውስጥ ያለው ላክቴት ከደሙ ይልቅ ይናገራል፤ ለቅሶም ጎማም አይነካውም፣ ማጅራት ገትር አለመኖሩን ግን አብሮ ማየት ይገባል።

ላክቴትን ከጓደኞቹ ጋር ማንበብ ሌላው ጥበብ ነው። ላክቴትን ለፓይሩቬት ሲያካፍሉት ጤነኛ ሰው ላይ ከ10 እስከ 20 ገደማ ይመጣል። ላክቴቱ ከፍ ብሎ ውጤቱ ከ25 ካለፈ ችግሩ ኃይል በሚመረትበት የመጨረሻው ሰንሰለት ላይ እንዳለ ይጠረጠራል፤ ሁለቱም ከፍ ብለው ውጤቱ ግን ካልተዛባ ችግሩ ፓይሩቬት በሚገባበት በር ላይ ሊሆን ይችላል። እውነቱን ለመናገር ፓይሩቬት በእኛ ሁኔታ ለመለካት ከባድ ነው፤ ደሙ እንደወጣ በአሲድ ካልተያዘ ይጠፋል። ከእሱ ይልቅ አላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ይጠቅማል። ፓይሩቬት ለረጅም ጊዜ ሲትረፈረፍ ሰውነት ወደ አላኒን ስለሚቀይረው፣ የአንድ ሰዓት ለቅሶ ያላመጣውን የቆየ መጨናነቅ ያሳያል። ላክቴት ከፍ ብሎ አላኒን ደህና ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ደሙ እንዴት እንደተቀዳ ነው። ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም፣ የጉበት ምርመራ፣ ስኳር፣ በሽንት ውስጥ ኪቶን፦ እነዚህ ቀላል ናቸው፣ ብዙ ሆስፒታል ውስጥም አሉ፤ አንድ ላይ ሲደረደሩ ምስል ይሰጣሉ።

ከዚያ በላይ ያሉት፣ ማለትም በሽንት ውስጥ ያሉ ኦርጋኒክ አሲዶችና በደም ውስጥ ያሉ አሲልካርኒቲኖች፣ ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚባለውን ውድ ማሽን ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ተስፋ የሚሰጠኝ ነገር አለ። ኤችአይቪ በደማቸው ካለ እናቶች ለሚወለዱ ሕፃናት ከተረከዝ ጥቂት ጠብታ በወፍራም ወረቀት ላይ አድርቀን በፖስታ መላክ ለዓመታት የሠራነው ሥራ ነው፤ ዲቢኤስ እንለዋለን። አሲልካርኒቲንም የሚላከው በዚያው ዓይነት ወረቀት ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጋትሪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአራስ ልጆችን ደም በወረቀት ጠብታ መመርመር ሲጀምር ያሰበው ለዚህ ዓይነት በሽታ ነበር። ኢትዮጵያ ለእያንዳንዱ አራስ የሚደረግ የሜታቦሊክ ምርመራ ገና የላትም። እጁ ግን አለ፣ ወረቀቱን ማድረቅ የሚያውቅ ባለሙያ በየወረዳው አለ፤ የጎደለው ወረቀቱን የሚቀበለው ማሽን ነው። ይህን ለሚመለከተው ሁሉ ደጋግሜ እናገራለሁ።

ባለፉት ዓመታት ሁለት አዳዲስ ጠቋሚዎች ስማቸው ገንኗል። የፊንላንዷ አኑ ሱዎማላይነንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ኤፍጂኤፍ 21 የሚባል ሆርሞን የጡንቻ ሚቶኮንድሪያ በታመመባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ከፍ እንደሚል አሳተሙ። በ2015 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ጂዲኤፍ 15 የሚባለው ከዚያም የተሻለ እንደሆነ አሳዩ። ሁለቱም ከላክቴት ይበልጥ የተረጋጉ ናቸው፤ ልጁ ቢያለቅስም ያን ያህል አይዋዥቁም። ለእኛ ሠፈር ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ኤፍጂኤፍ 21 ሰውነት ፕሮቲን ሲያጣ የሚያወጣው ምልክት ነው። ዝናብ ጠፍቶ ማሽላው ሳያፈራ በቀረበት ዓመት፣ የክንድ መለኪያው ቀዩ ላይ ያረፈ፣ እግሩ ያበጠ ልጅ ላይ ይህ ሆርሞን ቢወጣ ምን ይነግረናል? ልጁ እንደተራበ፤ ይህን ደግሞ ያለ ሆርሞን ምርመራም አይተነዋል። ጂዲኤፍ 15ም በኢንፌክሽንና በኩላሊት በሽታ ይወጣል። የፊንላንዱ ቁጥር ለራያ ልጅ እንዲሠራ ከተፈለገ እዚሁ፣ በእኛ ልጆች ላይ፣ በጠገቡትም በተራቡትም ላይ መጠናት አለበት። ረሃቡ ራሱም ከሚቶኮንድሪያ የራቀ ነገር አይደለም፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት የፕሮቲን እጥረት የጉበትን ሚቶኮንድሪያ እንደሚያበላሽ ታይቷል።

እነዚህ ሁሉ ወደ ጥርጣሬ የሚያቀርቡ ናቸው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው የዘረመል ምርመራ ነው። ሚቶኮንድሪያ 37 ጂኖች ያሉት የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ይህ ከእናት ብቻ ይወረሳል። ሌሎቹ ለሚቶኮንድሪያ የሚሠሩ ከ1,000 በላይ ፕሮቲኖች የሚገኙት ከአባትና ከእናት ከምንወርሰው ተራው ዲኤንኤ ነው፤ የሕፃናቱም በሽታ ባብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ «ከእናቱ የመጣ ነው» ብሎ አንዲትን ሴት ማሸማቀቅ በሳይንሱም ስህተት ነው። ሁለቱም ወላጆች ጤነኛ ሆነው አንድ ዓይነት ስውር ጉድለት ቢይዙ ልጁ ከሁለቱም ሊወርስ ይችላል፤ ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ይህ ዕድል ይጨምራል። አባቶቻችን ሰባት ቤት ቆጥረው ያጋቡ የነበረው ለሥጋ ዝምድና ክብር ብለው ነው፤ ልጆቻቸውን ግን በዚህም ጠብቀዋል።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። የኢትዮጵያውያን የሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ለሳይንስ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የአማራ፣ የትግራይ፣ የኦሮሞና የጉራጌ ሰዎች ናሙና ተወስዶ የሰው ልጅ በባብ ኤል መንደብ በኩል ያደረገው ጥንታዊ ጉዞ ተጠንቶበታል። ከአሥር ሺህዎች ዓመታት በፊት ስለነበሩት አያቶቻችን ያን ያህል የተናገረው ዲኤንኤ ዛሬ መቆም ስላቃተው ልጅ የሚጠየቅበት ቦታ ለማግኘት አንዲት የሮቢት እናት አገር ማቋረጥ አለባት።

ምንም ዓይነት ላክቴት የማያሳየው፣ በጥያቄ ብቻ የሚያዝ ነገርም አለ። በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ላይ ያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተገለጠ አንድ ለውጥ ያላቸው ሰዎች ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን ሲሰጣቸው መስማት ሊያቆሙ ይችላሉ። ጄንታማይሲን በአራስ ልጅ ኢንፌክሽን ላይ በየጤና ጣቢያው የምንሰጠው፣ ብዙ ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ነው፤ አራስ ታሞ ሳለ ማንም ወላጅ ፈርቶት እንዳይመልሰው። ግን በእናት ወገን፣ በእናት እህቶች፣ በአያት በኩል ከመርፌ በኋላ የደነቆረ ሰው ካለ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ለባለሙያው መንገር ይገባል። ሌላ መድኃኒት አለ።

የሚቶኮንድሪያ በሽታ መድኃኒት ከሌለው መመርመሩ ምን ያደርጋል የሚል ጥያቄ ከባልደረቦቼም እሰማለሁ። ብዙ ያደርጋል። ሚቶኮንድሪያው የተጠረጠረ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ሊሰጠው ሲል ሐኪሙ ቆም እንዲል ያደርጋል፤ ፖልጂ የሚባለው ጂን ላይ ጉድለት ያለባቸው ልጆች ጉበታቸው በዚህ መድኃኒት ሊወድቅ ይችላልና። ልጁ በትኩሳት ወቅት ሳይበላ ረጅም ሰዓት እንዳይቆይ ያደርጋል፤ ደም ይቀዳል ተብሎ ሌሊቱን ሙሉ በባዶ ሆዱ እንዳያድር ጭምር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ በቫይታሚን የሚድኑት አሉ። ፓይሩቬት ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ወደሚቃጠልበት የሚገባበት በር የሚከፈተው በቫይታሚን ቢ1 ነው፤ ታያሚን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 እስራኤል ውስጥ ቢ1 የጎደለው የሕፃናት ወተት የጠጡ ልጆች ላክቴታቸው ወጥቶ፣ ዓይናቸው ከቦታው ዞሮ፣ የሞቱም ነበሩ። ዘራቸው ጤነኛ ነበር፤ የጎደላቸው አንድ ቫይታሚን ነው። ሳይፈተግ የሚበላ ማሽላና ጤፍ ቢ1 አላቸው። ከቀዬው ተፈናቅሎ በነጭ ዱቄትና በተፈተገ ሩዝ ብቻ የሰነበተ ቤተሰብ፣ ተቅማጥ ያልለቀቀው ልጅ፣ ራሷ ያልበላች እናት የምታጠባው ሕፃን ግን ሊጎድላቸው ይችላል። ሌላም አለ፦ በ1998 ከሳዑዲ ዓረቢያ የተገለጠ፣ ከትኩሳት በኋላ ልጁን የሚጥል፣ በኤምአርአይ ከሊ በሽታ ጋር የሚመሳሰል የዘር በሽታ። ይህ በባዮቲንና በታያሚን ይሻሻላል፤ በጊዜ የተጀመረለት ልጅ በቀናት ውስጥ ሊለወጥ ይችላል፤ የዘገየበት ግን ጉዳቱ ይቀርበታል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ሲመጣ ለሐኪሙ የምለው ይህ ነው፦ ላክቴቱንና አላኒኑን፣ ከተቻለም የወረቀቱን ጠብታ፣ ከቫይታሚኑ በፊት እንቅዳ። ከዚያ ውጤቱ እስኪመጣ ሳይጠበቅ፣ በዚያው ቀን፣ ታያሚንና ባዮቲን ይጀመርለት። ቲዩቡ ወይም በረዶው ከሌለ ናሙናው ይቅር፤ ቫይታሚኑ ግን አይቅር።